ሶክ ወንዝ ላይ ዓሣ ፍለጋ

መጋቢት ነው፣ ሁዳዴ ገብቷል። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም እያልን ከባለቤቴ ጋር ስንከራከር አምሽተን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሲያትል ይዞኝ ወጣ። ስቲልሄድ የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምድ ነው። ክርክሩ ከንቱ መሆኑን ያወቅሁት ዳሪንግተን የምትባል ከተማ አጠገብ፣ ሶክ ወንዝ ስንደርስ ነው።

ሰውዬው እስከ ደረቱ የሚደርስ ውሃ የማያስገባ ሱሪ ለብሶ፣ ከቁመቱ እጥፍ የሚሆን ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ በረዷማው ውሃ ውስጥ ገባ። ይወረውራል፣ ክሩ ወንዙን አቋርጦ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ አንድ እርምጃ ወደ ታች ይወርዳል። ደግሞ ይወረውራል። በሺህ ውርወራ አንዴ ነው የሚያዘው ይላሉ። እኔ ዳር ሆኜ ቡናዬን ከፔርሙስ እቀዳለሁ።

መንጠቆውን አሳየኝ። ላባ ታስሮበታል። የዓሣውን አፍ ቆንጥጦ የሚይዘው ሹል ግን በፒንሳ ተደፍጥጧል።

«ቢያመልጥህስ?» አልኩት።

«መልቀቄ መች ይቀራል!»

ስቲልሄድ ሬይንቦው ትራውት ከሚባለው ዓሣ ጋር አንድ ዝርያ ነው። ይሄኛው ግን ባሕር ወርዶ ያድግና እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዙ ይመለሳል። የማርቢያ ጣቢያ ዓሣ፣ ጭራው አጠገብ ጀርባው ላይ ያለችው ትንሽ ክንፍ በልጅነቱ ትቆረጣለች። ክንፏ ካለች የዱር ነው፣ ይለቀቃል። ከውሃው ጨርሶ ማውጣት እንኳ ክልክል ነው።

ፈረንጅ ሲፈጥረው ለዓሣ አዛኝ ነው ልላችሁ አይደለም። የአካባቢውን ወንዞች በግድብና በደን ጭፍጨፋ ካበላሹ በኋላ ነው የነቁት። ሲያትል ያለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ የፑጀት ሳውንድ ስቲልሄድ፣ አሜሪካ ውስጥ ሥጋት ካለባቸው እንስሳት መዝገብ የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ፣ ባርበስ የሚባሉ ዓሦች አሉ። እነሱም በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነው። ቤታችን ሆዱ እንቁላል የሞላ ዓሣ ሲገባ «ዛሬስ የሰባ ነው!» ብለን ደስ ይለን ነበር። አጥማጁን አልወቅስም፤ ደሞዝ የለው፣ ልጆቹ ደግሞ ይበላሉ።

እስከ ማታ አንድም ዓሣ አልነካንም። ሰውዬው ፊቱ ፈክቶ ተመለሰ። ለታላቅ ወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«እና አንተዬ፣ የማይበላውን ዓሣ ምን አድርግ ብሎ ነው የሚያስቸግረው?» አለኝ።