«የበኩሏን» ያደረገች ሴት ደመወዝ አትጠይቅም?

አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ውስጥ፣ ከአርበኞች መካከል አንዲት እንግሊዛዊት ተቀብራለች። ሲልቪያ ፓንክረስትን የምናውቃት በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋዜጣ መሥርታ ለኢትዮጵያ በመሟገቷ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ከገዛ እናቷ ጋር ያቃቃራት ሙግት ግን እዚህ ብዙም አይነሳም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ጁላይ 17 ቀን 1915፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት ትግሉን ስትመራ የቆየችው እናቷ ኤመሊን በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን አስከትላ ለንደን ላይ ሰልፍ ወጣች። መፈክሩ «የማገልገል መብት ይሰጠን» ነበር፤ ለጦርነቱ በፋብሪካ እንሥራ ማለታቸው ነው። ለሰልፉ ገንዘብ የሰጠው የሎይድ ጆርጅ የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር ነው። ሰልፈኛው መንግሥትን ይጠይቃል፣ መንግሥት ለሰልፈኛው ይከፍላል። እንዲህ ያለውን ሰልፍ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጦርነቱን የተቃወመችው ሲልቪያ በምሥራቅ ለንደን ድሃ ሰፈር ሆና የምትጠይቀው ሌላ ነበር፦ ስንት ትከፍሏቸዋላችሁ? ሎይድ ጆርጅ በተሠራው ዕቃ ብዛት ለሚከፈለው ሴቷም እንደ ወንዱ ታገኛለች አለ። በሰዓት ስለሚከፈለው ግን ዝም።

በ1916 ሴፕቲመስ ስኮት የሠራው የቅስቀሳ ፖስተር ላይ አንዲት ወጣት የሥራ ልብሷን ስትለብስ፣ ከኋላዋ ወታደር እጁን ያውለበልባል። ጽሑፉ «እነዚህ ሴቶች የበኩላቸውን እያደረጉ ነው» ይላል። ፊቷ የጠራ ነው። በእውን ግን ቲኤንቲ የተባለውን ፈንጂ አረር ውስጥ ሲሞሉ የሚውሉት ልጃገረዶች ቆዳቸውም ጸጉራቸውም ቢጫ እየሆነ በቢጫዋ ወፍ «ካናሪ» ይባሉ ነበር፤ ጉበታቸው ተመርዞ የሞቱም አሉ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1917 በዚያው በምሥራቅ ለንደን፣ ሲልቨርታውን፣ ፋብሪካ ፈንድቶ 73 ሰው አለቀ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የፊቷ መጥራት አይደለም፤ ፖስተር ምንጊዜም ያሳምራል። የሚያናድደኝ «የበኩላቸውን» የምትለው ቃል ናት። የበኩሏን ያደረገች ሴት ትመሰገናለች እንጂ ደመወዝ አትደራደርም። ነገሩን ደቦ አደረጉት። በደቦ ሒሳብ አይጠየቅም፤ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ነው።

ለልጃገረዶቹ ግን ደቦ አልነበረም። ብዙዎቹ ከሰው ቤት ግርድና የመጡ ናቸውና ከወንዱ ያነሰውም የፋብሪካ ደመወዝ ከእመቤት ቤት ይሻላል። በጦርነቱ ዓመታት ሠራተኛ ሴቶች ከ3.2 ሚሊዮን ወደ 4.8 ሚሊዮን ገደማ ያደጉት በአገር ፍቅር ብቻ ነው የሚለኝን አላምነውም። ከጦርነቱ በኋላ ግን በ1919 ፋብሪካዎች ወደ ቀድሞ አሠራራቸው እንዲመለሱ ሕግ ወጣ፤ የወንዶቹ የሠራተኛ ማኅበራትም የፈለጉት ይህንኑ ነበር። ሴቶቹ ወጡ።

በ1918 የብሪታንያ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ ይባላል። ከ30 ዓመት በታች ላሉት አልነበረም። የፖስተሯ ልጅ በ1916 ዕድሜዋ 20 ቢሆን ለፓርላማ መጀመሪያ ድምፅ የምትሰጠው በ1929 ምርጫ ነው።