ዝሆኑ ባቢሌ፣ ገንዘቡ ፍራንክፈርት

ወሪያ፣ የሐረርና የድሬ ሰዎች! እዚህ ጀርመን ስለ ፓርኮች ገንዘብ ሲወራ የሚያንገበግበው የዶላሩ ብዛት አይደለም፤ የሚከፈልበት ዘመን ነው። የጀርመን መንግሥት በኬ ኤፍ ደብሊው ባንክ በኩል የደገፈው፣ መቀመጫው ፍራንክፈርት የሆነው የጥብቅ ሥፍራዎች ፈንድ፣ ሌጋሲ ላንድስኬፕስ ፈንድ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን ለአንድ ጥብቅ ሥፍራ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ቢያንስ ለ15 ዓመት ብሎ ተነሣ። ቢያንስ!

እኛ ዘንድ ፕሮጀክት ማለት ሦስት ዓመት ነው። አንደኛው በጨረታ ያልቃል፤ ፒክአፑ ሲገባ ሁለተኛው ተጋምሷል፤ ሦስተኛው ሪፖርት መጻፊያ ነው። ከዚያ ጎማ መግዣ የለም፣ የስካውቱ፣ የዱር እንስሳት ጠባቂው፣ የመስክ አበል ይቆማል። አበል ከቆመ ቅኝት ይቆማል፤ መጀመሪያ የሚተወውም ከመንገድ የራቀው ሸለቆ ነው። ሰርጉን ደግሶ የቤት ኪራዩን መርሳት ነው። አንድ ደረሰኝ ጎደለ ተብሎ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ገንዘብ ሲታገድማ አይነሣ።

የባቢሌ ዝሆን መጠለያ በ1970 እ.ኤ.አ. ሲከለል 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ፈንዱ የሚጠይቀው ቢያንስ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በስፋት ሦስት እጥፍ እናልፋለን! የምንወድቀው ወረቀቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚሻው እንደ ብሔራዊ ፓርክ ጥብቅ የሆነ እምብርት፣ በሕግ የጸና ወሰን፣ መንግሥት የፈረመለትና ዓመታት የሚቆይ አስተዳዳሪ ድርጅት ነው። የእኛ መጠለያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ላይ ተዘርግቶ እርሻና ሰፈራ ከየአቅጣጫው ይገፋዋል።

ከ15 ዓመት በኋላስ? ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ የሚወጣበት ቋሚ ፈንድ አለ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ4 በመቶ ትርፍ በዓመት 1 ሚሊዮን ለማግኘት 25 ሚሊዮን መቀመጥ አለበት።

ዝሆኑ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። በበጋ ወደ ኤረርና ጎበሌ ወንዞች ሲወርድ የሚያገኘው የሰው ማሳ ነው፤ ገበሬው የዓመት ልፋቱን በአንድ ሌሊት ያጣል። በኬንያ የተሞከረው የንብ ቀፎ አጥር በየ10 ሜትሩ በሽቦ የተያያዙ ቀፎዎች አሉት፤ ዝሆኑ ሽቦውን ሲነካ ቀፎዎቹ ይናወጣሉ፣ ንቡ ይወጣል። በድርቅ ንቡ ከተሰደደ ግን አጥሩ ጌጥ ነው። ለንቡ ውኃ የሚያኖር፣ ጥላ የሚሠራ፣ ሽቦ የሚያጠብቅ ሰው በየወሩ ይከፈለው። ይህ የሦስት ዓመት ሥራ ነው?

ወሰኑን በሁለቱ ክልሎች ፊርማ ማጽናት ደግሞ የፍራንክፈርትን ዶላር አይጠብቅም።