ለጡረታዬ ስላስቀመጥኩ ተቀጣሁ

ሆዴ አሮ ነው የምጽፈው። አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ባልና ሚስት ሆናችሁ ታክስ ለየብቻ የምታሠሩ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነርስ ነኝ፣ ሌሊት ነው የምሠራው። ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ በየሁለት ሳምንቱ ደሞዝ ሲገባ 250 ዶላር ወደ ሮት አይአርኤ (ታክስ ከተከፈለበት ገንዘብ ላይ ለጡረታ የሚጠራቀምበት ሂሳብ) ትሄድ ነበር። በዓመት 6,500። አገር ቤት መሄድ አስቀረሁ፣ ያቺን 250 ግን አልነካሁም። በሰው አገር ማርጀት ያስፈራኛላ!

ባለቤቴ የተማሪ ብድር አለበት። በጋራ ካሠራን ወርሃዊ ክፍያው በሁለታችን ገቢ ይሰላና ይቆለላል። ስለዚህ ለየብቻ አሠራን። ታክስ የሚሠራልን ሰውም "ጥሩ ነው" አለን። ሮት አላችሁ ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም። አንዲት ጥያቄ!

ለካ ሕጉ ሌላ ነው። በጋራ የሚያሠሩ ባልና ሚስት ለ2024 ገቢያቸው 230 ሺህ ዶላር እስኪደርስ ለዓመቱ የተፈቀደውን ሙሉውን ወደ ሮት ማስገባት ይችላሉ። ለየብቻ ካሠሩና በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አብረው ከኖሩ ግን፣ ገቢው 10 ሺህ የደረሰ ሰው አንዲት ዶላር ማስገባት አይችልም። አሥር ሺህ! በዓመት አሥር ሺህ እያገኘ የቤት ኪራይ የሚከፍል ማነው? ሌላው ጣሪያ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ከፍ ይላል፣ ይቺ ግን ንቅንቅ አትልም። ያው ቤት፣ ያው ባል፣ ያው ደሞዝ።

ቅጣቱ ደግሞ አንዴ ተከፍሎ አያልቅም። ያለአግባብ የገባው ብር እስኪወጣ በየዓመቱ 6 በመቶ ነው። የ2023ቱን አውጥቶ ከቅጣት ለማምለጥ ቀነ ገደቡ አልፏል። ለ2023 390 ዶላር፣ እዚያው ስለቆየ ለ2024 ሌላ 390። ገቢ አልደበቅኩም። ታክስ የከፈልኩበት የራሴ ላብ ነው!

የ2024ቱን እስከ ኦክቶበር 15፣ 2025 ካወጣሁ ከቅጣት ይተርፋል። ካተረፈው ጋር መውጣት አለበት፣ ትርፉም ታክስ ይከፈልበታል። ከሌሊት ሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ሂሳቡ ያለበት ድርጅት ደወልኩ። 50 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ እንደ ተራ ገንዘብ ማውጣት ልትሠራው ነበር። አይደለም፣ የራሱ ፎርም አለው ብዬ ተሟገትኩ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ስትቀበሉኝ ለምን አልነገራችሁኝም?" ስላት "ታክስ እንዴት እንደምታሠሩ እኛ አናውቅም" አለችኝ። ድርጅቱ ታክሴን አያይም፣ ታክስ ሠሪው ሂሳቤን አያይም። ሁለቱም ወረቀት የሚደርሰው መንግሥት ነው፣ እሱም ዝም ብሎ ቅጣቱን ይቆጥራል።

አንድ በር አለ። ለየብቻ ያሠራ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ጋራ ማስቀየር ይችላል። ያኔ የእኔ ጥፋት ይሰረዛል፣ የባለቤቴ ብድር ወርሃዊ ክፍያ ግን ይጨምራል። ማታ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን የቱ እንደሚያዋጣ እያሰላን ነው።

ትናንት አብራኝ ለምትሠራ ልጅ ይህን ስነግራት ስልኳን አውጥታ ሂሳቧን ከፈተች። እነሱም ለየብቻ ነው የሚያሠሩት። ከ2022 ጀምሮ እያስገባች ነው።