አንበርክካ አይብ ያበላችኝ ሴትዮ

(ይሄን የጻፍኩት ማርች 1 ቀን 2025 ነው።)

ኧረ በማርያም! ትናንት የሆንኩትን ካልተነፈስኩት ዛሬም እንቅልፍ የለኝም።

ሶፊያ ነኝ። አዎ፣ ቡልጋሪያ። "እዚያ ደግሞ ምን ልትሠራ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ እናቴም ብላኛለች። ጥፋቱ የዚያ ፍራንክፈርት አብሮኝ የሚሠራው ቡልጋሪያዊ ነው። "ኦርቶዶክስ አገር ነው፣ እንደ ጀርመን በጾም አትንገላታም። ርካሽ ነው። በማርች ደግሞ ጸደይ ነው" ብሎ ሲሰብከኝ ከረመ። ከሦስቱ እውነት የሆነው ርካሽነቱ ብቻ ነው። እሱንም ገና ስገባ ምንዛሪ ቤቱ አበላሸብኝ። ገንዘባቸው ያኔ ሌቫ ነበር፣ ወደ ዩሮ የገቡት በ2026 ነው። አንድ ዩሮ 1.95583 ሌቫ ነበር፣ በሕግ የተቆረጠ፣ ወይ ፍንክች። እኔ የደረሰኝ 1.70! "ኮሚሽን የለም" ብለው በትልቁ ጽፈዋል። እሱስ እውነታቸውን ነው፣ ኮሚሽን አልወሰዱም፤ ኪሴን ነው የወሰዱት።

ጸደይ የተባለውማ ተዉት። ቪቶሻ የሚሉት ተራራቸው ከላይ እስከ ታች ነጭ ጋቢ ለብሶ ተቀበለኝ። ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ዝናብ፣ ከዚያ በረዶ ይሁን ጭቃ ያልለየለት ነገር። መሃል ከተማ በቢጫ ንጣፍ የተሠራ ዝነኛ መንገድ አላቸው። ሲያዩት ያምራል፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ሐሙስ ዕለት ካቴድራሉን ፎቶ ላነሳ ቀና ስል በቂጤ ቁጭ። አንዲት አሮጊት እንኳን ዞር ብላ አላየችኝም፤ ለምደውታል መሰለኝ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ትናንት አርብ ነው። ያውም የካቲት 21፣ ማርያም። ዘወረደ ሳምንት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳን ሳልቀምስ ስዞር ውያለሁ። ፊደላቸውን ደግሞ አላውቅም። "የራሳችን ፊደል አለን" እያልኩ ጀርመኖች ላይ ስኮራ የነበርኩት ሰውዬ፣ እዚህ መሃይም ሆኜ አረፍኩት። ፒ የምትመስለው አር ናት፣ ኤች የምትመስለው ኤን ናት። አንድ ሙሉ ቀን "ፔክቶፓህት" የሚባል ሱቅ በየመንገዱ አየሁና ምን ዓይነት ሀብታም ኩባንያ ነው ብዬ ተደንቄያለሁ። ለካ "ሬስቶራንት" ነው የሚለው!

ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ሆዴ ጮኸ፣ አንዲት ክሌክ ሾፕ አገኘሁ። ክሌክ ሾፕ ማለት ምን መሰላችሁ? በ1989 ኮሚኒዝሙ ሲወድቅ ሰዉ ልነግድ አለ፣ ሱቅ ግን የለም። ስለዚህ የምድር ቤት መስኮት እየከፈተ መሸጥ ጀመረ። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ነው። ሻጯ ከታች፣ አንተ ከላይ። ዕቃውን ለማየት ቁጢጥ ትላለህ። እኔ ደግሞ ጉልበቴ እንደድሮው አይደለም፣ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። በጾም ስግደት አበዛ ይሉኝ ነበር፣ ለቂጣ ሻጭ እንደምሰግድ ግን ማን አወቀ!

ሴትየዋ እናቴን የምታህል ናት። ባኒትሳ አለቻት፤ የተጠቀለለ ስስ ሊጥ፣ ትኩስ፣ ሽታው የሚጠራ። ባልደረባዬ ሁለት ቃል አስጠንቶኛል። "ሲሬኔ" አይብ ነው፣ "ፖስትኖ" የጾም ነው። እኔም በትሕትና ወደ ባኒትሳው ጠቁሜ "ሲሬኔ?" አልኳት።

አንገቷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ተመስገን፣ አይብ የለውም! "ኤድና?" አለች፣ አንድ ማለቷ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ እንደ አገሬ አየር ወደ ውስጥ ስቤ "እእ" አልኩ። ትን ያለኝ መስሏት ውኃ አወጣች! ይሄ ትንፋሻችን እኮ የትም ጉድ ነው የሚያፈላው። ፍራንክፈርትም አንድ ሐኪም የሚጠይቀኝን ሁሉ "እእ" እያልኩ ስመልስለት፣ ስለ ጉልበቴ ሄጄ የሳንባ ምርመራ ታዞልኝ ነው የወጣሁት።

ሦስት ሌቫ ከፈልኩ። ተነሥቼ አማተብኩ። ገመጥኩ። ዋጥኩ። ሁለተኛውን ስገምጥ ነው ምላሴ የነቃው። አይብ! ትኩስ፣ ጨው ጨው የሚል፣ አገጬ ላይ የሚወርድ አይብ! (ልዋሽ አልችልም፣ ይጣፍጣል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።)

ተመልሼ ተንበረከክሁ። ንዴቴ ግንባሬ ላይ ወጥቷል። የተገመጠውን እያሳየሁ "ሲሬኔ!" አልኳት። አሁንም አንገቷን ወዘወዘች፣ ያውም በፈገግታ! እያየሁት ትክደኛለች! ከኋላዬ ሰልፍ ተሠርቷል። ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ጥግ ላይ ያለችውን ሌላ ጥቅል ጠቁሜ "ፖስትኖ?" አልኩ። ወዘወዘች። እሷም የጾም አይደለችም ማለት ነው። "እማማ፣ ተዉት በቃ" ብዬ በአማርኛ ተነሣሁ።

ይሄን ጊዜ ከኋላዬ የነበረው ተማሪ ነገር በእንግሊዝኛ እየሳቀ "ወንድሜ፣ እዚህ አገር እንዲህ ማለት እኮ አዎ ማለት ነው" አለኝና አንገቱን ወዘወዘ። ቀጥሎም ወደ ታችና ወደ ላይ ነቅንቆ "ይሄ ደግሞ አይደለም" አለኝ። ሰልፉ በሙሉ አስተማሪ ሆነ። አምስት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ አንገቱን ሲወዘውዝልኝ አስቡት። ሴትየዋ ከጉድጓዷ አንገቷን አውጥታ አብራ ትስቃለች።

ማለት፣ ምስኪኗ ሦስቴም እውነቱን ነግራኛለች። አይብ አለው ስትለኝ በላሁት። የጾም ናት ስትለኝ ተውኳት። የዱባ ነበረች! የመጨረሻዋን የዱባ ባኒትሳ ማን በላት? ያው አስተማሪው ልጅ። ዓይኔ እያየ።

ማታ ስልክ ደውዬ ባልደረባዬን "የኦርቶዶክስ አገርህ ጉድ ሠራኝ" ብለው ምን ቢል ጥሩ ነው? "አይ፣ እኛ እኮ ሰኞ ነው የምንይዘው፣ ይሄኛው የአይብ ሳምንት ነው።" የአይብ ሳምንት! እኛ 55 ቀን ስለምንጾም በዘወረደ እንቀድማቸዋለን። እነሱ በዚያው ሳምንት ሥጋውን ትተው አይቡን ይጨርሳሉ። ፋሲካችን አንድ ቀን፣ ጾማችን ለየቅል። ለዚህ ነዋ ከመጣሁ ጀምሮ አይብ ያልተነሰነሰበት ነገር ያላየሁት! ሰላጣ ስል አይብ። የተጠበሰ ድንች ስል፣ አዎ ድንች፣ አይብ ፈርፍረውበት መጡ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ሠርቻለሁ። ለእናቴ ጤና ብዬ ሻማ ለኮስኩና ታች ባለው መደብ ላይ ሰካሁት። ለካ ላይኛው ለሕያዋን፣ ታችኛው ለሙታን ነው። ሻማ የምትለቅም አንዲት ባልቴት ምን እንዳየችብኝ እንጃ፣ ጠየቀችኝ፣ "ማማ" አልኩ፣ በእጄም ደህና ናት አልኩ። ደንግጣ ሻማውን ነቅላ ላይ ሰካችልኝ። ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። እዚያች ላይ ትንሽ ዕንባ ቢጤ መጣብኝ፣ ረሀብም ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ጠዋት የሆቴሉ ልጅ ቀይና ነጭ ክር እጄ ላይ አሰረልኝ። ማርቴኒትሳ ይሉታል፣ ማርች 1 ሁሉም ይተሳሰራል። ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ እስኪታይ አይፈታም። ሽመላዋ አፍሪካ ከርማ ነው የምትመጣው። አያችሁ ዕድል? እሷ ከአፍሪካ ያለ ቪዛ ስትገባ አገር ክር አስሮ ይጠብቃታል። እኔ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሼንገን (ድንበር ላይ ፓስፖርት የማይታይበት የአውሮፓ ቀጠና) ሆነ በተባለ አገር፣ ከአውሮፕላን ሙሉ ሰው መሃል ተመርጬ ሰማያዊዋን የስደተኛ ደብተሬን ሁለት ጊዜ አገላብጠውብኛል። ክሩን ያሰረልኝን ልጅ ቁርስ ላይ የጾም ነገር አለ ወይ ብለው ነቀነቀ። እንደ አገሩ ይሁን ለእኔ ብሎ እንደ ፈረንጅ፣ እግዜር ይወቀው። አልበላሁም።

ነገ አድዋ ነው። ብቻዬን ነው የማከብረው። ሰኞ ደግሞ የእነሱ የነፃነት በዓል ነው፣ በ1878 ከኦቶማን ቱርክ የወጡበት፤ ሱቁ ክፍት ይሁን ዝግ እንጃ። ለካ ነገ እሑድ እነሱም ጾም ከመያዛቸው በፊት ይቅርታ የሚጠያየቁበት ቀን ነው፤ ታናሽ የታላቁን እጅ እየሳመ "ፕሮስቲ" ይላል። ሄጄ ያቺ መስኮት ላይ ተንበርክኬ ሴትየዋን ይቅርታ ልላት አስቤ ነበር። ግን አንገቷን ብትነቀንቅስ?

እስከዚያው ያለኝ አንድ ሙዝና ከፍራንክፈርት ይዤው የመጣሁት ቆሎ ነው። እሱንም ሻንጣህ በአንድ ኪሎ በልጧል ብለው ሊያስጥሉኝ ነበር፤ በኪሴ አድርጌ አሳለፍኩት።