ከጎማው ሥር ያለው ድንጋይ

የደሴ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል፤ እንዲያውም ከሁላችሁም በላይ እኔን።

ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ባጃጅ ነው። «በዝቷል፣ ቁጥሩ ይገደብ» ይላል አንዱ። «ልጆቹ ምን ይብሉ? ይለቀቅ» ይላል ሌላው። እኔ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ ድንጋይ ነው።

ክረምት ነበር። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ዝናቡ ያካፋል። ከፒያሳ ባጃጅ ያዝን። ለሦስት ሰው በተሠራው የኋላ ወንበር አራት ሰው፤ ከሹፌሩ ጎን ደግሞ ተለጥፌ እኔ። አዎ፣ ትርፉ እኔ ነበርኩ። ከኋላ ዳር ላይ የተቀመጡት አንዲት እናት የመድኃኒት ፌስታል ይዘዋል። ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ጠፋ። ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ። ባጃጇ ግን ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች።

ልጁ አልደነገጠም። ከእግሩ ሥር ድንጋይ አወጣና በትከሻው ላይ ወደኋላ አቀበለ። ድንጋዩ ከመመላለስ ብዛት ጠርዙ ለስልሷል፤ የጎማ ጥላሸት ይዟል።

«ማዘር፣ እርስዎ ዳር ነዎት። ቶሎ ወርደው ከጎማው ሥር ያድርጉልኝ።»

ወረዱ። «ቢስሚላህ» ብለው ጎንበስ አሉ። ባጃጇ አልጠበቀቻቸውም። ጎማው መጀመሪያ በላስቲክ ጫማቸው ላይ ወጣ፣ ከዚያ ድንጋዩን ነክሶ ቆመ። አንዴ ብቻ ጮኹ።

ይቅር የማልለው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሁላችንም ወረድን። አንዱ ሰዓቱን አየ። አንዷ «ውይ እናቴን!» አለችና ከኋላ የመጣውን ባጃጅ በእጇ አስቆመች። ሹፌሩ «ሂሳብ» አለኝ። ሰጠሁት! ከዚያ ባጃጁን ካስቆመችው ሴት ጋር ገባሁ። እናትየዋ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይዘዋል፤ ጭቃ ላይ የተበተነ ክኒናቸውን በዓይናቸው ይለቅማሉ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

አሁን ልብ በሉ። ያቺ ባጃጅ ታርጋ አላት፣ ተራ ይዛ ነው የጫነችን። ቁጥሩ ነገ ቢገደብ «ከተፈቀደላቸው» አንዷ እሷ ናት። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1937 የታክሲ ፈቃድ ቆጥራ ዘጋች፤ በ2014 ገደማ አንዱ ፈቃድ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ኋላ ዋጋው ወደቀና ተበድረው የገዙ ሹፌሮች ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። ለንደን ለጥቁር ታክሲዎቿ ቁጥር አልወሰነችም፤ ግን የከተማዋን መንገዶች በቃሉ አጥንቶ ያልተፈተነ አይነዳም። እኛም ጋ ፈቃድ ከተዘጋ ባለፈቃዱ ባለርስት ይሆናል። የሚነዳው ልጅ የቀን ገቢውን ለመሙላት አምስት ይጭናል፤ ፍሬን ሸራ መቀየሩ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፋል።

የመንገዱ ጥበት አይጠፋኝም። ፒያሳ ላይ ባጃጅ በባጃጅ ሲደራረብ እኔም አማርራለሁ። የቁጥሩም ጉዳይ ይነሳ፤ ግን ከፍሬኑ በኋላ። ቁጥር ላይ መከራከር የሚጥመን ከእኛ ምንም ስለማይጠይቅ ይመስለኛል። «አራተኛ ሆኜ አልገባም» ያለ ሰው ግን ዝናብ ላይ ይቆማል። ማን ይቆማል? እኔ አልቆምኩም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ እግር ሹፌር «ጋሼ፣ ሞልቷል፤ ከፊት አልጭንም» አለኝ። ተናደድኩ፣ አጉረመረምኩም። ጥቂት ከተራመድኩ በኋላ ነው እናትየዋ ትዝ ያሉኝ። ዞሬ ላመሰግነው ስል ሄዷል። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ልጆችም አሉ። ነገ ጠዋት ከሹፌር ጎን ተለጥፌ ካያችሁኝ አስወርዱኝ። ሳልቆጣ እወርዳለሁ ብዬ ግን አልምልም።