ይድረስ ለክቡር ‘አፕሩቭ’ ቁልፍ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከ140 ዶላሬ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለወቀሳ አይደለም። የምወቅሰውማ ራሴን ነው። ባለፈው ዓመት ቶክን (የክሪፕቶ ገንዘብ) ልቀይር አንድ ዲአፕ ላይ ገባሁ፤ ከዋሌቴ፣ ማለትም ከዲጂታል ቦርሳዬ፣ ጋር የሚገናኝ የክሪፕቶ መተግበሪያ ነው። መጀመሪያ ብቅ ያለው ታናሽ ወንድምዎ ‘ኮኔክት’ ነበር። እሱን ፈራሁት። ለካ ምስኪን ነው፤ አድራሻዬንና ያለችኝን ሒሳብ አየት ከማድረግ በቀር ሳንቲም የማንቀሳቀስ ሥልጣን የለውም። ቀጥለው እርስዎ መጡ። እርስዎን አልፈራሁም። ሰማያዊ ነዎት፣ ጠርዝዎ ለስላሳ ነው፣ የጨዋ ልጅ ይመስላሉ።

የምቀይረው 20 ዶላር ነበር። እርስዎ የጠየቁኝ ገንዘቤን የማንቀሳቀስ ፈቃድ ግን ‘ያልተገደበ’ ነው። ቁጥሩ ተዘርግቶ ሲጻፍ 78 አሃዝ አለው። አንድ ስኒ ስኳር ልትበደር የመጣች ጎረቤት የጓዳውን ቁልፍ ይዛ ስትሄድ አስቡት። ያውም ላትመልሰው።

እኛ ዘንድ ይህ ነገር ስም አለው፤ ውክልና ይባላል። ሰው ቤቱን እንዲሸጥለት ለገዛ ወንድሙ ውክልና ሊሰጥ ውልና ማስረጃ ይሰለፋል፣ መታወቂያ ያሳያል፣ ይፈርማል። ከዚያም ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። እኔ ለማላውቀው ኮንትራት፣ ማለትም ለኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሙሉ ውክልና የሰጠሁት ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ፣ በአውራ ጣቴ ነው። የዋሌቴ ዋና ቁልፍ የሆኑት 12ቱ ቃላት እኮ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል! እናቴ እንኳ የት እንዳሉ አታውቅም። እርስዎ ግን አንዷንም ቃል አልጠየቁኝም። ጨዋነትዎ ነው ጉድ የሠራኝ።

ሥራዬን ስጨርስ ‘ዲስኮኔክት’ አልኩ። በሩን ጠረቀምኩ ብዬም ኮራሁ። ከስምንት ወር በኋላ 140 ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ቶክን) ባስገባሁ ማግስት ዋሌቱ ሙልጭ። የእህቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ። «ጋሼ፣ ዲስኮኔክት ማለት እኮ ሰውየውን ከሳሎን ማስወጣት ነው። ውክልናው ኪሱ ውስጥ ነው» አለኝ። ሪቮክ ማድረግ ነበረብኝ፤ መሻር ማለት ነው። ልሽርዎ ስል ደግሞ ጋዝ የሚሉትን የኔትወርክ ክፍያ ክፈል ተባልኩ። ሌባ ከቤቴ ሲወጣ የታክሲውን ከፋይ እኔ!

የድረ ገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል እያጣራሁ ብገባስ ብዬ ነበር። ልጁ እ.ኤ.አ. በ2021 ባጀርዳኦ በሚባል የክሪፕቶ መድረክ ላይ የሆነውን ሲነግረኝ ወኔዬ ከዳኝ። ድረ ገጹ ትክክለኛው ነበር። ሰርጎ ገቦቹ ኮድ ጣል አደረጉበትና ሰዉን እርስዎን እያስጫኑ ውክልና ሰበሰቡ። ለቀናት ዝም አሉ። ከዚያ ዲሴምበር 2 ቀን ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር አጨዱ። ትዕግሥታቸው ያስቀናል።

ያ ‘ፐርሚት’ የሚባለው የአጎትዎ ልጅማ ባሰ። ውክልናውን ሲወስድ ፊርማ ብቻ ነው የሚለው፣ ጋዝ እንኳ አያስከፍልም። ነፃ ነገር ላይ ያለንን ድክመት ማን እንደነገረው እንጃ።

ለማንኛውም ለእርስዎ ሌላ ዋሌት ከፍቻለሁ። ‘ሳሎን’ ብዬዋለሁ። የዕለቱ ብቻ ይገባበታል። ‘ያልተገደበ’ ሲሉኝም አጥፍቼ 20 እጽፋለሁ፤ ቅር እንዳይልዎ። ዋናው ዋሌት የት እንዳለ ከፈለጉ እናቴን ይጠይቋት።

የቀድሞ ወካይዎ