የጨረቃ ብጉር

ግቢያችን ውስጥ አምስት ተከራይ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የመብራት ቆጣሪና አንድ ቴሌስኮፕ አለ። በሽንት ቤቱ ተራ እንጣላለን፤ በቆጣሪው ደግሞ ወር በመጣ ቁጥር እንወነጃጀላለን። ቴሌስኮፑ የእኔ ነው፤ አስተያየቱ ግን የሁሉም ነው።

ዕቃው ሲያዩት የሚያስፈራ አይደለም። ወፍራም ቱቦ ሆኖ ከታች 130 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ተቀምጦበታል፤ ዓይን የሚያስጠጉበት ቀዳዳ ከጎኑ ነው። ያም ሆኖ መጀመሪያ ሰሞን በአጥር ቀዳዳ ያየው ሁሉ «ምንድነው ያጠመደው?» ማለቱ አልቀረም። የማዶው ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ አንድ ምሽት መጥተው ዙሪያውን ከዞሩት በኋላ «ቃታ የለውም፤ አይተኩስም» ብለው መሰከሩልኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ እፎይ አለ፤ እኔ ግን እንግዳ በዛብኝ።

እንግዳ የሚመጣው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው። በሙሉ ጨረቃ ደግሞ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ተራራውም ጉድጓዱም አንድ ላይ ይለሰናል፤ ተመልካቹም ዓይኑ ተጭበርብሮ፣ እንባውን እየጠረገ ይመለሳል። ጨረቃ የምታምረው በሰባተኛው በስምንተኛው ቀኗ ነው፤ ያውም ብርሃኑና ጨለማው በሚዋሰኑበት መስመር ላይ። እዚያ ፀሐይ ገና እየወጣች ስለሆነ የጉድጓዶቹ ከንፈር ሲያበራ ሆዳቸው ጥቁር ይሆናል። ይህን ብዬ ብጠራቸው «ግማሽ ጨረቃ ልታሳየን ነው?» ይሉኛል። እንግዳ ጠርቶ ግማሽ ነገር ማቅረብ ነውር በሆነበት አገር ምን ብዬ ልከራከር?

ቀጥሎ ባንዲራው ይመጣል። ከጓሮ የሚከራየው ተማሪ ዓይኑን ገና ከማስጠጋቱ «የአሜሪካኖቹ ባንዲራ የታል?» አለ። ከ1969 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ስድስት ጊዜ አርፈው ስድስት ባንዲራ እንደተከሉ፣ ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ፣ የእኔ መስታወት ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገር ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ አስረዳሁት። የሰማው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። «ስለዚህ አይታይም?» «አይታይም።» «አላልኩም!» አሁን ካፌ በተቀመጠ ቁጥር «እኔ ራሴ በቴሌስኮፕ አይቻለሁ፤ ምንም የለም» እያለ ይምላል። ገንዘቤን አውጥቼ የገዛሁት መስታወት ሰው ጨረቃ ላይ ላለመውጣቱ ምስክር ሆኖ ቆመ።

አከራያችን እማማ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር «በል ደስ ይበልህ፣ ጨለመልህ» ይሉኛል። ጨረቃና ፕላኔቶች እኮ ደማቅ ናቸው፤ የመንገድ መብራት አይበግራቸውም። የእኔ ጠላት ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ሲያግለው የዋለ ጣሪያ አመሻሽ ላይ ሙቀቱን መልሶ ሲተፋ፣ በላዩ የሚያልፈው አየር ይታመሳል፤ በዚያ በኩል የታየ ጁፒተር ደግሞ ጀበና አፍ ላይ ሊገነፍል እንደደረሰ ቡና ይንተከተካል። ይህን የሚሽረው ትዕግሥት ብቻ ስለሆነ የፕላኔት ፎቶ አንሺ ፎቶ አያነሳም፣ ቪዲዮ ይቀዳል። ጁፒተር በራሱ ዙሪያ ለመዞር አሥር ሰዓት እንኳ ስለማይፈጅበት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካለፈ ገጹ ይዞርና ምስሉ ይፋለሳል። በሰከንድ 60 ምስል ለሦስት ደቂቃ ቢቀዱ 10,800 ይሆናል፤ ከዚያ አውቶስታከርት የሚባለው የነፃ ፕሮግራም አየሩ ለቅጽበት ረጋ ሲል የተገኙትን መርጦ ይደራርባቸዋል። አብዛኛው ይጣላል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያላምጥ ያድራል፤ ጠዋት የቆጣሪው ነገር ይነሳል።

በዚሁ መንገድ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ የወጣውን የጨረቃ ፎቶ የጎረቤቴ ልጅ አየችው። አየችውና ስልኳን በመስኮት አውጥታ ጨረቃን ቀጭ አደረገች። ጥርት ብላ ወጣች። «ያንተ ለምን ይደበዝዛል?» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና። እኔም ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩላት፦ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ስክሪን ላይ ከፍቶ፣ ክፍሉን አጨልሞ በሳምሰንግ ስልክ ቢያነሳው ስልኩ ምስሉ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ጨምሮ አወጣለት፤ ኩባንያውም የጨረቃን ዝርዝር በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያጎላ አብራርቷል። በጥሞና ሰማችኝ። «ታዲያ ቢጨምር ምን አለበት?» አለች፤ «አሳመራት እንጂ።»

እውነቷን ነው፣ እዚህ ከተማ ሳይታረም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፊት የለም። ሙሽራዋ ገና ከመኪና ሳትወርድ ሁለት ደረጃ ትቀላለች፤ ሚዜዎቹ ወገብ ይወጣላቸዋል። ይህን እያወቅሁ የጨረቃዬን ፎቶ በትልቁ ላሳትም ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ልጁ ፋይሉን ተቀብሎ ከሰዓት ተመለስ አለኝ፤ ስመለስ ፈገግ ብሎ «ትንሽ አስተካክዬልሃለሁ፤ ለዚህ አላስከፍልም» አለ። ጨረቃ ቆዳዋ ለስልሶ፣ በቅባት የታሸች መስላ ተዘርግታለች። በስተደቡብ በኩል ታይኮ የሚባል ጉድጓድ ነበር፤ ስፋቱ 85 ኪሎ ሜትር፣ አዳማ የሚወስደውን ፈጣን መንገድ ያህል። የለም። «እዚች ጋ ያለችውን ብጉርስ?» ብለው «እሷንማ መጀመሪያ ነው ያጠፋኋት» አለኝ። ዋናውን እንደገና በራሴ ወጪ አሳተምኩ። እማማ ሁለቱን ጎን ለጎን አይተው ያለ ብጉሯን መረጡ፤ ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ከልጃቸው የምርቃት ፎቶ አጠገብ ተሰቅላለች። እንግዳ ሲመጣም «የእኛ ተከራይ ያነሳት ናት» ይላሉ። ዝም ብያለሁ።

ሳተርን ግን አዋረደኝ። በዚህ ኅዳር፣ 2018 መሆኑ ነው፣ ግቢውን በሙሉ ባለቀለበቱን ኑ እዩ ብዬ ጠራሁ። ኅዳር 12 አልሞከርኩም፤ ያን ዕለት ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን ሳተርን ቀርቶ የአጥሩ በር አይታይም። ጭሱ በተነሳ በሁለተኛው ምሽት ተሰለፉ። እማማ ቀድመው ጎንበስ አሉ፤ ቆዩ። «ኳሷን አየኋት። በመሃሏ ቀጭን መስመር አለች። ቀለበቱስ?»

ቀለበቱ እንዳለ ነገርኳቸው፤ ስፋቱ ከ270,000 ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ውፍረቱ አብዛኛው ቦታ ላይ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ፣ በየአሥራ አምስት ዓመቱ ገደማ ጠርዙ ወደ እኛ ሲዞር እንደሚጠፋ፣ ባለፈው መጋቢት እንደዚያ ሆኖ አሁንም ገና እንዳልተከፈተ፣ ቀጣዩም በ2031 እንደሚሆን። ጋሊሊዮ ራሱ በ1612 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ሳተርን ልጆቹን ዋጣቸው እንዴ ብሎ እንደተደናገጠም ጨመርኩ።

«ተወኝ ልጄ፣ ሸጦት ነው» አሉ እማማ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ወርቅ እንዲህ ተወዶ ማን ጣቱ ላይ አድርጎ ይዞራል?»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ተማሪው «ድሮም አልነበረም» አለ። እማማ ቀና ብለው ቱቦውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፤ እንደ ዕቃ ገዢ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ለመሆኑ ይሄን ስንት ገዛኸው?»

ዋጋውን ግማሹን ቀንሼ ነገርኳቸው። ግማሹም በዛ መሰለኝ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ቤታቸው ሲያመሩ፣ ዞር ሳይሉ፣ «በል እንግዲህ፣ ለሚቀጥለው ወር የኪራዩን ነገር እንነጋገርበታለን» አሉኝ።